ሁለት ኪሎ ጤፍ

ከአራዳ ገበያ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አዳራሽ፣
አሥራ አራት ሰው ነን፤ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ የጠመኔ ቁራሽ።
ሐምሌ ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ሲወቅር
መምህር ይርዳው እየጮኸ፣ ስለ አውሮፓ አይሁድ፣ ስለ ባቡሮቹ ሲናገር፣
ሲያባራም ድምፁን ዝቅ አደረገና
ስድስት ብሎ ጻፈ፤ ከኋላው ስድስት ዜሮ ሰደረና
ዘወር አለ።
ዝም።

እትየ አንጓች ብቻ፣ የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ፣
ከጥፍራቸው ጭቃ የማይለቅ፣ የዘንድሮ ፊደል ጀማሪ፣
"ልጄ፣" አሉት፣ "ዜሮ ማለት ባዶ ነው አላልኸንም ወይ?
ባዶ ስድስት ጊዜ ቢሰደር፣ ሰው ይሆናል ወይ?"

ይታይሽ በዚያው ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በኩራዝ፣
ሺህ ፍሬ ጤፍ ቆጠረች በመርፌ ጫፍ፣ እንዳይበተን ትንፋሿን ስትይዝ።
በሳምንቱ ጠጋው አንጥረኛው የወርቅ ሚዛኑን አመጣ፤
ሺው ፍሬ ተመዘነ፤ የግራም ሢሶ ወጣ።
አባዛን። ደግመን አባዛን። መልሱ አልተለወጠም፤
ሁለት ኪሎ ጤፍ። ከዚያ አይበልጥም።

"ሁለት ኪሎ?" አለ ባለ ሱቁ፣ "እኔ ቤት ሦስት ቀን አያደርስም!"
ወዲያው ቃሉን ሊውጠው ፈለገ፤ የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

እትየ አንጓች እጃቸውን ከእንቅቡ ነከሩ፤
ፍሬው በጣታቸው መሐል ሾለከ፤ ከመዳፋቸው ስንጥቅ ጥቂቶች ቀሩ።
"አያችሁ፣ ሲሰፈር ያንሳል። የሚሰፈር ጤፍ ነው።
ሰው ይጠራል።"

"እንዴት ጀመረ?" አልን። መምህሩ ዓመቱን ሊጽፍ ጠመኔ አነሣ።
"ከቃል ነው፣" አሉ። "እኔን ጠይቁኝ፤ እኔ እንደሁ አልረሳ።
ማሰሮዬን ገዝተው፣ በኔ ዋንጫ ውሃ አይጠጡም።
ሌሊት ጅብ ከጮኸ፣ ጠዋት እግሬን ሳያዩ አያልፉም።
አንዴ ደግሞ ልጅ ታማ፣ 'በላሻት! እንትፍ በይባት!' ብለው ከደጄ አደሩ፤
እንትፍ አልሁ። ምን ላድርግ? ይዘዋት በጨለማ ተሰወሩ።
ከኔ ደጅ ቃሉ ደክሞት ተመለሰ፤
እዚያ ግን ማኅተም አገኘ፣ ሐዲድ አገኘ፣ ገሠገሠ።"

ከኋላ ረድፍ ወይዘሮ እናኑ ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ። ቆዩ።
"የታመመችው ልጅ እኔ ነበርሁ።"
እትየ አንጓች ዞረው አዩ።
"አውቃለሁ፣" አሉ። "ዳንሽ?"
"ዳንሁ።"
"ተመስገን።"
ሌላ ነገር አልተባለም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

አሁን በየእሑዱ አንድ ስም እንጠራለን፤
ለምላሳችን ባዕድ ነው፤ ሦስቴ ተሳስተን፣ ባራተኛው እናቀናለን።
ይታይሽ አስልታዋለች፤ በዚህ አካሄድ መቶ ሺህ ዓመት ያልፋል።
"እሺ፣" ይላሉ እትየ አንጓች፣ "የመጪው እሑድ ማን ይባላል?"

ጤፉ አሁንም በእንቅቡ፣ ከመስኮቱ ሥር አለ።
ማን ፈጭቶ ይበላዋል?
ማንስ ይደፋዋል?