የሳቱርኒና አንሶላ

ስክሪን አልነበረን። ሳቱርኒና መጣች፤
ካልጋዋ ላይ ገፍፋ አንሶላዋን ሰጠች።
በትምህርት ቤቱ ግንብ ሚስማር መታንለት፣
የኦሩሮ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ አሰርንለት።

ብርሃን ሲያርፍበት ኤውሎሂዮ መጣ፣
አምና የቀበረችው ከጉድጓዱ ወጣ።
የቆርቆሮ ማዕድን ሠላሳ ዓመት ቆፍሮ
ስለ ልጁ ጫማ ዋጋ ያወራል፤
ይስላል።
ያወራል፤ ይስላል።
«አቧራ የለብንም» ይላል የኩባንያው ወረቀት፣
ማኅተም አርፎበት።

መምህር ፋኩንዶ «ቁጠሩ» አላቸው፤
የዛሬ ሒሳብ ነው።
ኒልዳ ከፊት ሆና በጣቷ በከንፈሯ ቆጥራ
«ሦስት ደቂቃ፣ አርባ አንድ» አለች፣ ድምጿ ጠራ።
«በሰዓትስ?»
«ስምንት መቶ ሃያ።»
«በሠላሳ ዓመትስ?»
ጠመኔው ተሰበረ።

እኔ አሥር ወር ቀርጬ፣ አራት ወር ቆርጬ
ያላቀድኩትን አየሁ ከኋላ ተቀምጬ፦
አንሶላው የተጣፈበት ያ እራፊ
ልክ ደረቱ ላይ ዋለ።
ድምፁ አልቆ ምስሉ ሲቀር
ነፋሱ ሲነፋው፣ ሲለቀው
ሰውዬው ተነፈሰ፣
ያለ ሳል።

ሰኞ ኢንጂነሩ ገብቶ ሰሌዳውን አየ።
«ምንድነው ይሄ?» አለ።
«ሒሳብ ነው» አለችው ኒልዳ፣ «አላለቀም ገና።»

ሳቱርኒና ያን ሌት አጣጥፋ ወስዳዋለች፤
ብርድ ነው፤ ሌላ የላትም፤ ትተኛበታለች።