ሦስት አጭር ትንፋሽ

ሃያ ሁለት ዓመት ሞትን ብቻ ነፋሁ፤
ከዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ቦርከናን ቁልቁል እያየሁ፣
ጨለማው ሳይለቅ፣ አንድ የረዘመ ትንፋሽ፣
ከዚያ የሟቹ ስም፣ ከዚያ የቀብሩ ሰዓት፣ ለቅርቡም ለሩቅ ደራሽ።
ጀናዛም ይሁን አስከሬን፣ በአንድ ጥሩምባ ነው የሚጠራ፤
እድራችን አንድ ነው፣ ድንኳኑም አንድ፣ ብረት ድስቱም በጋራ።

ሰው ሲያየኝ ወሬው ይቆማል።
ባዶ እጄን እንኳ ብወጣ፣ «ሙሄ፣ ማን ነው ዛሬ?» ይሉኛል ከሱቁ፤
ለስኳር ነው የመጣሁ፣ ለግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አቦ አትሳቀቁ!

ያምናው ሐምሌ ግን፣
ዝናቡ ጦሳን ልጦ፣ ድንጋይ አስከትሎ ወረደ ሌሊት፤
ውኃው ዘጠኝ ሰዓት ገባ፣
እኔ የነፋሁት አሥራ ሁለት ሰዓት።
በመሃል ሦስት ሰዓት አለ።
ስንት ጊዜ ቆጠርሁት፤ ሦስት ነው፣ አይጎድል፣ አይሞላ።
የጦይባ ልጅ አንዋር፣ ሰባት ዓመቱ፣ ቀብሩ ከዙህር በኋላ።

ዘንድሮ ግንቦት ቀበሌው ጠራን፣ በጎ ፈቃድ ያለው ይምጣ ሲል፤
አሥራ አራት ሆነን ተቀመጥን፣ ወንበሩ ግማሹ የሚነቃነቅ፣ ቀሪው የሚያዘነብል።
ባጃጅ ነጂው ባዘዘው፣ ዘበኛው ይማም፣ ጦይባ ከፊት፣ ደብተር ይዛ፤
ሲስተር ፈትለወርቅ ከቀይ መስቀል፣ ሥራዋ ፈጣን፣ ቃሏ የማይበዛ።

ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና፣ ሁለት ካፖርት፣ እጅጌው ወደ ውስጥ ተገልብጦ፣
አጣናው በእጅጌው ገብቶ፣ ቁልፉ ጥርቅም ብሎ፦
ቃሬዛ።
«ቁስለኛ ማን ይሁን?» «ሙሄ፣ ቀላል ነው!» ተባለ፤ ተኛሁ።
ስንቱን በቃሬዛ የሸኘሁ እኔ፣
ባዘዘው ከራስጌ፣ ይማም ከግርጌ፣ ጣሪያ እያየሁ ሄድሁ።
ጦይባ ያልተሰበረ እግሬን በሁለት እንጨት፣ በሻሿ አሰረች፤
«ያምሃል?» አለች።
አያመኝም ልል ነበር። ዝም አልሁ።

ኋላ ሲስተር ጠየቀች፦ «መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ባይኖር፣
ሰፈሩን በሌሊት ምን ይቀሰቅሰዋል?»
ማንም አልመለሰም። ግን ሁሉም ወደኔ ዞረ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወንድይፍራው ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፦
«ጥሩምባ የሞት ነው። ሰው ሳይሞት መንፋት ሟርት አይደለም ወይ? ምነው?»
ጦይባ ከደብተሩ ቀና አላለች።
«ምነው ያን ለት ባሟረተ» አለች።

ዳኛው ተቀመጡ።

ተስማማን፦ ረጅም አንድ ለሞት፣ አጭር ሦስት ለጎርፍ።
ቀላል ይመስላል። ከንፈር ግን እንደ በቅሎ ነው፣ የለመደውን ደጅ አያልፍ፤
ሦስቱን ልቆርጥ ስል ይረዝምብኛል፣ ይጎተታል፣ ልቅሶ ይሆናል፤
ውሻው ያላዝናል።
አንዲት አሮጊት መጣች፣ ነጠላ ዘቅዝቃ፣ እንባዋን አዘጋጅታ፤
«ልምምድ ነው እማማ» ብላት፣ ዳገቱን እስክትጨርስ ረገመችኝ፣
ቆማ፣ አርፋ፣ ደግሞ በርትታ።

ነሐሴ አሥራ ሰባት። ደመናው ጦሳን ውጧል።
ባዘዘው ከላይኛው ድልድይ ባትሪውን ሦስቴ አበራ፣ አጠፋ።
ነፋሁ።
አጭር። አጭር። አጭር።
በር ተከፈተ፣ በር፣ ደግሞ በር፤ «ማን ሞተ?» ይላል ጨለማው፤
«ማን ሞተ ሙሄ? ማን ሞተ?»
ከታች የመለሰች ጦይባ ነበረች፦
«ገና ማንም! ተነሱ! ሽቅብ ውጡ!»

ውኃው የይማምን በረት ወሰደ፣ አሥር ዶሮ፣ የእድሩን ብረት ድስት፣ የኔን ጫማ።
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበርን፣ እርጥብ ለእርጥብ ተጠጋግተን።
በልማድ ጥሩምባዬን አነሳሁ። የምለው ስም አጣሁ።
ጭቃውን አራገፍሁ፤ ደግሜ አራገፍሁ።

ጦይባ ቤት ለቤት ትቆጥራለች ከደብተሩ፦
«የይማም ቤት፣ ስድስት። የወንድይፍራው፣ ሁለት። የሙሄ፣ አንድ።»
ከራሷ ስትደርስ «አራት» አለች።
ቆየች።
እርሳሱን በምላሷ አራሰች።
«ሦስት።»