እግር ያዥ

ሥራዬ እግር መያዝ ነው፤
የደመወዝ ወረቀቴ «ጥበቃ» ነው የሚለው።
አንዱ እጅ ሲጠፍር፣ አንዱ መርፌ ሲስብ፣
የእኔ ድርሻ ከግርጌ ነው፣ ጠፍር አጥብቆ መሳብ።
የመርከበኛ እግር፣ የተማሪ፣ የቄስ፣
ባለ ካልሲ፣ ባዶ፣ ጭቃ የሚያፈስስ፤
ሁሉም ያው ነው ሲራገጥ፣
ሁሉም ያው ነው ሲደነግጥ።

ብሬይሾን አውቀዋለሁ። አምና በሰኔ
በዚችው ክፍል ውስጥ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እኔ።
ጠፍሩ ቁርጭምጭሚቱን ልጦት ነበር።
ሲወጣ አላየኝም።
እኔም አላየሁትም።

ዛሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣
ቪጎ ላይ ዝናቡ በአግድም ሲዘንብ፣
ሁለት ፖሊሶች አስገቡት፤
አፉ አረቄ፣ አፍንጫው ኮኬይን፣
ሦስት ሌሊት ያልተከደነ ዐይን፤
ክኒኑን ከየካቲት ጀምሮ ትቷል አሉ።

ወደቡ ላይ የዓሣ ጨረታ ጠሪ ነው።
እዚያ ዋጋ ከላይ ይጀምራል፣
አንዱ እጁን እስኪያነሳ ድረስ ይወርዳል።
ክፍሉን በሙሉ ለጨረታ አቀረበው፦
«አልጋ ከነጎማው! አርባ! ሠላሳ ዘጠኝ!
ሐኪም፣ ወጣት፣ እንቅልፍ ያጣች! ሃያ! ዐሥራ ዘጠኝ!
ያ በር ላይ የቆመ በሬ» (እኔን ነው) «ሦስት! ሁለት! አንድ!
በነጻስ የሚወስድ?»
እጅ አልተነሳም።
ወንበር ተነሳ።

ጓንቴን አጠለቅሁ፤ ጠፍሩን ስስብ ዘለበቱ ተንኳኳ።
ሳቤላ መዳፏን አሳየችኝ፦ ቆይ።
አጭር ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣
ለጡረታዋ ሁለት ዓመት ይቀራታል።

«ብሬይሾ፣ አስም አለብህ?»
«አስም ዋጋው ስንት ነው?»
«ደረትህ ያፏጫል ወይ? ያፍንሃል?»
«የእኔ ሳንባ ወደቡን ሙሉ ያሰማል!»
እሷ ግን ጀርባውን አዳመጠች፣
ዶክተር ኢሪያ መዝገቡን አገላበጠች፤
ለክፉ ቀን የሚሆን የሳንባ ማስፋፊያ
ኪሷ ውስጥ ነበር፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ነጭ ነገር ናት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ።
ትሯን ስባ ስታወጣ አረንጓዴ መብራት በራ።
«መርፌ አይደለም። ማንም አይነካህም።
የምትስባት አንተ ነህ፣ እኔ አልስብልህም።
ካልፈለግህ ቆሻሻ ናት።»

ዝም አለ።
ወንበሩን አስቀመጠ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዱ እግሩ ቀድሞ።
ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ስቆም
እንዲህ ያለ ሰው «እሺ ትላለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ
ሰምቼ አላውቅም።
እስትንፋስ በጡንቻ አይሳብም።

«ስንት ነው?» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።
«ዐሥር። ዐሥር እስክትቆጥር ደረትህ ውስጥ ያዛት።»
አየሩን አወጣ። ከንፈሩን ገጠመ። ሳበ።
መብራቷ ጠፋች።
በጣቶቹ ቆጠረ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ልማዱ፣
ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ እያጠፈ አንድ ባንዱ፤
አንድ ላይ ሲደርስ
እጁን አነሳ።
ራሱ ገዛው።

«ይመራል» አለ። ውኃ ሰጠችው።
በዘጠነኛው ደቂቃ ትከሻው ወረደ።
አረቄው አልወጣለትም፤ የሚሰማቸው ድምፆችም
ዝቅ አሉ እንጂ አልሄዱም።
ሁልጊዜም እንዲህ አይደለም፦
ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ
ያችኑ ነጭ ነገር ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠቻት፤
እግሯን ያዝኩ።

የብሬይሾ አንድ ጫማ ከአልጋው ሥር ተንከባሎ ነበር።
ጓንቴን አወለቅሁ፣ ተንበረከክሁ።
ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀጭን ነጭ ጠባሳ፤
የማን ሥራ እንደሆነ ሁለታችንም አልረሳን።
አጠለቅሁለት። ክሩን ስይዝ፣
ዐይኑ እየተከደነ፣
«በሬው» አለኝ፣
«እንዳታጠብቀው።»