ደጅ ጥናት

ረሖቮት፣ ከቤተ ሙከራው ምድር ቤት፣
ጧት አሥራ አንድ ሰዓት፣
ሃያ ስምንት የሽቦ ጎጆ አጥባለሁ።
ዳጉሳ እሰፍራለሁ፣ ውሃ እለውጣለሁ፣
የወፎቹን ቀለበት ቁጥር እጽፋለሁ።

ወንዱ ይዘምራል፣ ጉንጩ ብርቱካን ነው፤
ሴቷ ዝም ትላለች፤ ዕጣዋ ይኸው ነው
ብዬ ነበር እኔ፣ መጀመሪያ ሰሞን።
«ዕጣ አይደለም» አለች ዶክተር ኖጋ፣ «ሆርሞን።»

ጠርታ አሳየችኝ ከማይክሮስኮፑ ሥር
ከጭንቅላት የተላጠ ስስ አረንጓዴ ድር፦
«ይኼ የዘፈን ቤት፣ ያ ደግሞ የነርቭ ክር፤
ከላይ ወርዶ ይመጣል፣ ግን አይገባም ወዲያው፤
ከደጃፉ ቆሞ ቀን መቁጠር ነው ሥራው።»

ደጅ ይጠናል በሉኛ!
ማመልከቻ እንደያዘ ባላገር፣ እንደ ርስት ሙግተኛ።
በወንዱ፣ ሠላሳ አምስት ቀን ግድም ሲሞላ፣
በሩ ወለል ይላል፤ ይገባል በጅምላ።
በሴቷ ግን በሩ አልሰማሁም ይላል፤
ክሩ እደጁ ይቀራል፣ ቤቱም ይኮሰምናል።

ጓንቴን ሳላወልቅ እናቴ ትዝ አለችኝ።
ደጊቱ፣ አምቦበር፣ ከድንጋዩ ክብ ወዲያ፣
አራስ ጎጆ ገብታ፣
ለወንድሜ አርባ ቀን፣ ለኔ ግን ሰማንያ።
ለሱ አሥራ ሁለት እልልታ፣ ለኔ ዘጠኝ።
የጎደለችው ሦስቷ
እስከ ዛሬ ስናገር ጉሮሮዬን ትይዘኛለች።

ጉዱ ግን እዚህ ላይ፦
ያንን በር የሚያስከፍተው፣
«የሴት ነው» እየተባለ ስሙ የሚጠራው፣
ኤስትሮጅን ነው።
ባለ አረንጓዴ ቀለበቷ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣
ከእንቁላል በወጣች በሦስተኛዋ ዕለት
ጤፍ የምታህል እንክብል ከቆዳዋ ሥር ገባችላት።
ዛሬ መብራቱ ሲበራ፣
እንጨቷ ላይ ተንጠራርታ፣
የአባቷን ዜማ፣ መጨረሻውን ትንሽ አበላሽታ፣
ዘመረች።

ዘበኛው ይፊም ብቅ ብሎ፣ ቡናማ ጉንጯን ሳያይ፣
«ምን ሆኖ ነው ይሄ?» አለ።
«ሆና በል» አልኩት፣ ባልዲዬን ይዤ።

ደስ አለኝ። አልተሞኘሁም ግን።
ሰው በወፍ አይለካም፤ ዶክተሯም ይህን ትላለች።
ደግሞ እነዚያ ዝምተኞቹ፣ እንክብል ያልገባላቸው፣
አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሲያደምጡ አይቻቸዋለሁ፤
አንዷ ስንኝ ብትዛነፍ ፊታቸውን ያዞራሉ።
ወንዱ ለማን ይዘምራል፣ እነሱ ጆሮ ባይኖራቸው?

ማታ ቂርያት ሞሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
የእናቴን እግር እያሸሁ ጠየቅኳት፦
«ያን ሁሉ ሰማንያ ቀን ምን ትሠሪ ነበር?»

ዓይኗን አልገለጠችም።
«ምን እሠራለሁ፤ አንቺን እሰማ ነበራ።
ልቅሶሽ ከወንድምሽ ይወፍር ነበር፤
ወንዝ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ
‹ማነው እሱ?› ይሉ ነበር።»