በረንዳውስ?

ባለፈው ዓመት ሃንድአውቴ ቢጫ ነበር፣
አርዕስቱ፣ ግርጌው፣ የገጽ ቁጥሩ እንኳ ሳይቀር።
ሦስት ማርከር ጨርሼ በአንድ ሴሚስተር
ያነበብኩ መስሎኝ ነበር።
በፈተናው ዋዜማ እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣
እንቅልፌን በቀዝቃዛ ውኃ አባርሬ፣
ስሸመድድ አድሬ
ጠዋት ከክፍሉ በር ስደርስ በእጄ የቀረው
እስክሪብቶው ብቻ ነው።

ሠላሳ ስምንት።
ሰሌዳው ላይ፣ ከመታወቂያ ቁጥሬ ጎን፣ ሠላሳ ስምንት።
ያብስራ አጠገቤ ቆማ "መምህሩ ነው" አለችኝ፤
"መምህሩ ነው" አልኩ እኔም፤ ሰበቡ ጣመኝ።
ከቱሉ ዲምቱ ኮዬ ፈጬ ድረስ ግን፣ በታክሲው መስኮት
የራሴ ፊት ሲያየኝ መጣ፣ ያለ አንዳች ምሕረት።

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው።
መብራቱ ይሄዳል፣ ውኃውም ተከትሎት ይሄዳል፤
ማዶ ያለው ግንባታ ግን ጄነሬተር አለው፣
ፓውዛው ሌሊቱን ሙሉ ብሎኬት ይጠብቃል።
ዘበኛው ጋሽ ሁንዴ ፓውዛውን አያምኑም፣
ሳይቆጥሩ አይቀመጡም።
ሁለት ሰዓት ላይ ይቆጥራሉ፣
ስድስት ሰዓት ላይ ይደግማሉ፣
አሥራ አንድ ሲል፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ይሠልሳሉ።
"አንዴ ብቻ የቆጠሩት ይጎድላል" ይላሉ፤
"ሌባ ባይነካው እንኳ ከራስ ውስጥ ይጎድላል።"

ደብተሬን ይዤ ብርሃናቸውን ለመንኩ።
የብሎኬት ወንበር ሰጡኝ፤
ስልኬን ተቀብለው ሚስማር ጣሳ ውስጥ ጣሉት፤
"ሲጮህ ለሚስማሩ ይንገረው።"

በሦስተኛው ቀን ጠየቁኝ፦
"ምን ትማሪያለሽ፣ ምንታምር?"
"ሕንጻ መሥራት።"
"እንግዲያ ንገሪኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አየሁ፤
እነዚህ ልጆች ፌሮ ሲያስሩ
ከሥር ያበዙታል፣ ከላይ ያሳሱታል።
የላዩ ምን በደለ?"

አፌን ከፈትኩ።
ገጹ ታየኝ፤ ሰባ ሁለተኛው፣
በግራ በኩል ያለው ሥዕል፣ የፈሰሰብኝ ሻይ፣
ቢጫው፣ ያ ሁሉ ቢጫ፤
ቃሉ ግን የለም።
"ነገ ልንገርዎት" አልኩ።
"ነገ ጥሩ ነው" አሉና ሊቆጥሩ ሄዱ።

ነገዬ ሳምንት ሆነ።
ያን ሌሊት ሃንድአውቱን ዘጋሁት፤
ለካ ያለመድኩት መግለጥ ሳይሆን መዝጋት ነው።
በባዶ ወረቀት ላይ የማስታውሰውን ጻፍኩ፣
አራት መስመር ሆነ፤ ሁለቱ ስሕተት።
ገለጥኩ፣ አረምኩ፣ ዘጋሁ።
በማግሥቱ ታክሲ ስጠብቅ ሞከርኩት፣
ከሦስት ቀን በኋላ ልብስ ሳሰጣ፤
የጎደለውን ቆጠርኩ፣ ሞላሁ፣
ደግሞ ሲጎድል ደግሞ ሞላሁ።

ዱላቸውን ተቀብዬ ሁለት ብሎኬት ላይ አጋደምኩና
መሐሉን በእጄ ተጫንኩት፦
"ይዩ፣ ጀርባው ይጨመቃል፣ ሆዱ ይለጠጣል።
ሲሚንቶ መጨመቁን ይችላል፣
መለጠጥ ሲመጣ ግን ይሰነጠቃል፤
ያኔ ፌሮው ይይዝለታል።"

ዝም አሉ። ዱላውን አገላበጡት።
ከዚያ ሶሌታ ሥር የሽምብራ ማሳቸው ነበረች፤
እሱን የነገሩኝ ሌላ ቀን ነው፣ እንደ ዋዛ።
"ገባኝ" አሉ፤
እኔም ገና ያኔ ገባኝ።
ከዚያ ቀና ብለው የኛን ፎቅ አዩና፦
"በረንዳውስ?
በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የተያዘ። የእሱ ሆድ የት ነው?"

አላውቅም ነበር።
ግን እንደ ሠላሳ ስምንቱ አላሳፈረኝም፤
እንደ ጎደለ ብሎኬት ነበር፣
ቦታው የሚታወቅ።

ሰኔ ላይ ሕንጻው አለቀ።
ጄነሬተሩን ጫኑት፣ ፓውዛውን ነቀሉት፤
ጋሽ ሁንዴን ወደ ገላን ወሰዷቸው፣ ሌላ ብሎኬት ሊቆጥሩ።
ጣሳቸውን ትተውልኝ ሄዱ፤ ስልኬ እዚያ ያድራል።
አንዳንዴ እሰንፋለሁ፣ ጣሳውን አቅፌ አመሻለሁ፤
አንዳንዴ እጄ ማርከር ይፈልጋል፣ አመሉን አልረሳም።
ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ደብተሬን እዘጋና
መብራት በሌለው በረንዳችን ላይ ቆሜ፣
ፌሮው ከላይ በተቀበረው በረንዳ፣
ለጨለማው ማስረዳት እጀምራለሁ።
የሆነ ቦታ ላይ፣ ሁሌም፣ እደናቀፋለሁ።
"ነገ ጥሩ ነው" እላለሁ፣
ወረቀት ልፈልግ እገባለሁ።