ቀሪ

ከቱዋ ወንዝ በላይ ጠጠር ጠጠሩን ይዤ፣
ሐዲድ በሌለበት በሐዲድ ተጉዤ፣
ከዋሻው ጨለማ፣ ከሌሊት ወፍ ሽታ
ስወጣ ጠበቀኝ የጣቢያው ጸጥታ።

በሰማያዊ ሸክላ የተሳሉት ሴቶች፣
ግድግዳው ላይ ያሉት ወይን ለቃሚዎች፣
ጣታቸው ረግፏል፤ ዘለላው ግን አለ፤
ሰዓቱም ከአስር ላይ አልወርድም እንዳለ።
ትኬት መሸጫው ውስጥ ንቦች ሰፍረዋል፣
ሰልፉ እንደ ድሮው ነው፤ ይገባል፣ ይወጣል።

ዴኦሊንዳ መጣች፣ መጥረጊያዋን ይዛ፤
«ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት እንደ ዋዛ።

«ማቋረጫውን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ቄስም ሠርገኛም ‹ክፈቺልን› ሲሉ።
ባሌ ኤርሚኒዩ፣ ነጂው፣ ከዋሻው ማዶ
ሾርባ ያዝዘኝ ነበር ሦስት ፉጨት ሰዶ።
ኋላ ሐዲዱን በኪሎ ሸጡት፣
አግዳሚውን እንጨት በግ አጠሩበት፤
ከሊዝበን የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው፦
‹ባቡሩ ቀርቷል› ይላል፤ እኔንስ ረሳው።»

ባቡሩ ባለመምጣት፣ እሷ ባለመሄድ፣
ሁለቱም ቀርተዋል በዚህ ባዶ መንገድ።

ልሰናበት ስል ከሽርጧ አወጣች
ፀሐይ የመጠጠው አረንጓዴ ጨርቅ፤
ቀኝ ግራ ቃኘች፣
አውለበለበች።

አለፍኩ፣
ቀስ ብዬ፣ ብቻዬን፣
እንደ ረጅም ባቡር።