ተራ ያዝ

«ቤንዚን አትጠይቅም፤ ዘይት አትቀይርም፤
ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ብትነዳት አትደክምም»
አለኝ ሻጩ ምሎ፣
ያረጀ ባትሪዋን በቀለም ከልሎ።

ዓባይን ስወርደው ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፤
ደጀንን ስወጣ ቁልቁል መጣ፣ መጣ።
በቻይንኛ አንዳች ቀይ ፊደል አበራች፤
ማን አንብቦ ይፍታው?
ሉማሜ መግቢያ ላይ ጥጓን ይዛ ቆመች።

ባለወፍጮው ይስማው ገመዷን ጎትቶ
«ተራ ያዝ» አለኝ፣ ወደ ጤፉ አይቶ።
እትዬ የሻረግ «ስንት ኩንታል ናት?» ሲሉ ሰው ሳቀብኝ፤
ተራዬ ደረሰ።
መብራት ሄደብኝ።

የአዲስ ባትሪ ዋጋ ደውዬ ጠየቅሁ፤
መልሼ ጆንያው ላይ፣ ዱቄት ለብሼ ተኛሁ።

ሌሊት መብራት መጣ። ወፍጮው ጮኸ፣ አጓራ።
እሷ ድምፅ የላትም፤ ያለ አንዳች ወሬ
ዝም ብላ ዋጠችው የሸጥኩትን በሬ።